ጫማዬ በጭቃ ምክንያት ፔዳሉ ላይ አልገጥም ሲል

ቤልጅየም ውስጥ ሳይክሎክሮስ (ጭቃና ሣር ላይ የሚደረግ የብስክሌት ውድድር) የምወዳደረው በመከር፣ በጭቃ ነው። ዳገቱን ብስክሌቱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ሮጬ ስወጣ፣ ሶሌ ስር ያለው ክሊት (ጫማውን ፔዳሉ ላይ የሚቆልፈው ቁራጭ) ዙሪያውን ጭቃና ሣር ይጠቀጠቅበታል። ከዚያ ወዲያ ፔዳሉን ብረግጠው ብረግጠው እንቢ፣ እግሬ ይንሸራተታል።

ችግሩን የፈታው ነገር በክሊቱና በሶሉ መሃል ያስገባሁት ስስ ስፔሰር (ማራራቂያ ቁራጭ) ነው። ክሊቱ ከሶሉ ትንሽ ወጣ ስላለ የሶሉ ጥርስ ፔዳሉን መግፋቱን ተወ። ከውድድር በፊት ደግሞ ክሊቱንና ፔዳሉን ሲሊኮን ስፕሬይ እረጭባቸዋለሁ። ዲስክ ፍሬኑን እንዳይነካ ብቻ፣ ከነካው ፍሬን የለም በሉት! ብስክሌቱ ላይ ስወጣ ፔዳሉን በሶሌ አንዴ ጠንከር አድርጌ እመታዋለሁ፤ ጭቃው እርግፍ ይላል። ያም ሆኖ ካልገጠመ ቆሜ አልታገልም፤ እንዲሁ ረግጬ እነዳለሁ፣ መንገድ ላይ ራሱ ቀጭ ይላል።