ትልቅ ዝርያ ድመት በአፓርታማ ቤት

ካዛንቺስም ሆነ ፒያሳ፣ አፓርታማ ውስጥ ትልቅ ዝርያ ድመት ለማሳደግ ያሰበ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ሜትር ነው። ሱቅ ውስጥ ያለው የድመት ዕቃ በአብዛኛው የተሠራው አራት ኪሎ ለምትመዝን ድመት ነው። ሜይን ኩን የሚባለው ትልቅ ዝርያ ወንዱ ግን ከ6 እስከ 8 ኪሎ ይደርሳል፤ የሚያልፍም አለ። ራግዶልና የኖርዌይ የጫካ ድመትም እዚያው ገደማ ናቸው፤ ሴቶቹ ቀለል ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ጣሊያን ውስጥ የተለካው ባሪቬል የተባለ ሜይን ኩን ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ 120 ሴ.ሜ. ሆኗል። ሙሉ ቁመናቸውን የሚይዙት ከ3 እስከ 4 ዓመታቸው ስለሆነ፣ የ6 ወር ግልገል ለክታችሁ ዕቃ አትግዙ።

ረጅም ጸጉር ብቻውን ድመትን ሜይን ኩን አያደርግም። ሻጩን የዘር ሐረግ ወረቀትና የወላጆቹን የልብ አልትራሳውንድ ውጤት ጠይቁ፤ በሜይን ኩንና በራግዶል ዘር የልብ ጡንቻን የሚያወፍር የሚወረስ በሽታ ሊኖር ይችላል። 12 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ የተለየ ግልገል አትቀበሉ። ሳቫና የሚባለው ዝርያ ሰርቫል ከሚባል የዱር ድመት የተዳቀለ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ትውልዶች ለአፓርታማ አይሆኑም።

መጸዳጃ። የሳጥኑ ርዝመት ድመቱ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ሥር ካለው ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን፤ ለአዋቂ ወንድ ከ80 እስከ 90 ሴ.ሜ. ይመጣል። ለብርድ ልብስ ማስቀመጫ የሚሸጠውን ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን ግዙ፤ አንዱን ጎን ከታች 15 ሴ.ሜ. አስቀርታችሁ ቁረጡና ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ሳጥን የጠበበው ድመት ፊቱን አስገብቶ ኋላውን ውጭ ያስቀራል፤ ከዚያ «ምንጣፍ ላይ ሸና» ተብሎ ይወቀሳል። የሱፐርማርኬቱ የድመት አሸዋ ከተወደደባችሁ ከእንጨት ሥራ ቤት ሰጋቱራ አምጥታችሁ 5 ሴ.ሜ. ያህል አንጥፉ። ከንጹሕ ጣውላ የወጣ ይሁን፤ የኤምዲኤፍና የቺፑድ ብናኝ ሙጫ አለበት።

መቧጨሪያ። ቀላል ምሰሶ ሲወዛወዝበት ትቶት ወደ ሶፋው ይሄዳል። 15 ሴ.ሜ. ውፍረት ያለው የደረቀ ባሕር ዛፍ 1 ሜትር ቁረጡና 60 በ60 ሴ.ሜ. በሆነ ወፍራም ጣውላ ላይ ከሥር በረጃጅም ብሎኖች እሰሩት። 10 ሚ.ሜ. የቃጫ ገመድ ከመርካቶ ግዙ፤ 80 ሴ.ሜ. ከፍታ ለመጠምጠም 40 ሜትር ይበላል። መሐሉን በኮላ፣ ጫፎቹን በሚስማር ያዙ። ናይለን ገመድ ጥፍር ያንሸራትታል።

በረንዳና መስኮት ላይ የትንኝ ወንፊት አትመኑ፤ 8 ኪሎ ሲደገፍበት ይቀደዳል። ክፍተቱ ከ4 ሴ.ሜ. ያልበለጠ የሽቦ መረብ በብረት ፍሬም አስበይዱ።

ምግብ። ብዙ ቤት ድመት የሚያድረው በማዕድ ትርፍራፊ ነው። ወጥ ውስጥ ያሉት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ መብሰላቸው ጉዳቱን አያስቀርም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ከሥጋ ቤት የሚመጣ ሳንባ ሆድ ይሞላል እንጂ በቂ ካልሲየም የለውም፤ ጉበት በየቀኑ ከተሰጠ ደግሞ ቫይታሚን ኤ በዝቶ አጥንት ያበላሻል። ስለዚህ ዋናው ምግብ ለድመት ተብሎ የተዘጋጀው ይሁን። የተኮላሸ 8 ኪሎ ድመት በቀን 300 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይበቃዋል፤ ከረጢቱ ላይ በ100 ግራም 370 ከተጻፈ 80 ግራም ማለት ነው። በሚዛን ስፈሩ፤ በእጅ ግምት ሁልጊዜ ይበዛል።

ጸጉር። ለአዲስ አበባ ብርድ ጸጉሩ ይበቃዋል፤ የሚያስቸግረው የክረምቱ ጭቃና እርጥበት ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ በብረት ማበጠሪያ ከቆዳው ጀምራችሁ አበጥሩ። የሚቋጠረው ብብቱ፣ ሆዱና የኋላ እግሩ ጭን ላይ ነው። ቋጠሮን በመቀስ አትቁረጡ፤ ቆዳው ስስ ስለሆነ አብሮ ይቆረጣል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወሩ ይጀመር፤ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሐኪሙ ይነግራችኋል። ጎረቤት የአይጥ መርዝ የሚያስቀምጥ ከሆነ ድመቱን ደረጃ ላይ አትልቀቁት።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የእሱንም ድርሻ በጀሪካን አስቀምጡ። ደረቅ ምግብ እየበላ ውኃ ያነሰው ወንድ የሽንት ቧንቧው ሊዘጋ ይችላል። ሳጥኑ ውስጥ እየተመላለሰ ካማጠና ሽንት ጠብ ካላለለት ነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ካላየው ሊሞት ይችላል። ለዚህ ቀን ሲባል መካከለኛ ውሻ የሚይዝ፣ ከላይ የሚከፈት ማጓጓዣ ሳጥን ቀድማችሁ ግዙና ሳሎን ውስጥ ክፍቱን አስቀምጡት፤ ለምዶት ይተኛበታል። ያልለመደውን 8 ኪሎ ድመት ታክሲው ደጅ ቆሞ እየጠበቀ ሳጥን ውስጥ ለማስገባት ሁለት ሰውና ወፍራም ፎጣ ያስፈልጋል።