ማን ቀየረው? ለምን ዘገየ? የዳታቤዝ ኩዌሪን በሎግ መያዝ

ድሬ ውስጥ ለሱቅ ሲስተም የምትሠራ ከሆነ ይቺን ሰዓት ታውቃታለህ። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ሱቁ ይዘጋል። ዘጠኝ ተኩል ገደማ ካሸሩ ሁሉ ባንዴ ተመልሶ ሲከፍት ስልክህ ይጮኻል፦ «ሲስተሙ ቆመ!» ከዚራ ላለ አንድ አከፋፋይ ስሠራ ሳምንት ሙሉ ኔትወርኩን ስጠረጥር ሰነበትኩ። ችግሩ ዳታቤዙ ውስጥ ነበር፤ ሎጉ፣ ማለትም ዳታቤዙ የሠራውን የሚጽፍበት መዝገብ፣ ስላልበራ አላየሁትም።

ዳታቤዝህ ፖስትግሬስ ከሆነ ማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ «ሎግ ሚን ዱሬሽን ስቴትመንት» የሚለውን ፈልግ፣ ቃላቱ በአንደርስኮር ተያይዘዋል። ሲጫን −1 ነው፣ ማለትም ጠፍቷል። 500 (ሚሊሰከንድ) አድርገው። ግማሽ ሰከንድና ከዚያ በላይ የፈጀ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚላክ ትዕዛዝ) ሁሉ ይጻፋል። ሪሎድ (ማስተካከያውን እንደገና ማስነበብ) ይበቃል፣ ሪስታርት አያስፈልግም። 0 ካደረግከው ግን ሁሉንም ስለሚጽፍ ዲስክህን ይሞላዋል። ማይኤስኪውኤል ላይ «ስሎው ኩዌሪ ሎግ»ን አብራ፣ «ሎንግ ኩዌሪ ታይም»ንም ቀንስ፤ ሲጫን 10 ሰከንድ ነው፣ ደንበኛ አስቁሞ ለሚጠብቅ ካሸር ይሄ ብዙ ነው።

ዘገምተኛው ሲገኝ ከፊቱ «ኤክስፕሌይን አናላይዝ» ጨምረህ አስኪደው፤ ኩዌሪው እንዴት እንደተሠራና የት እንደዘገየ ያሳይሃል። የእኛው «ሴክ ስካን» አለ፦ የአንድ ደንበኛ ዕዳ ለማየት የሽያጭ ቴብሉን ከላይ እስከ ታች ያነብ ነበር። የደንበኛ ቁጥሩ ላይ ኢንዴክስ (እንደ መጽሐፍ ማውጫ ያለ) ሠራን፣ አለቀ። ተጠንቀቅ፣ ትዕዛዙ ኩዌሪውን የምር ነው የሚያስኬደው፤ ዲሊት ላይ ከሞከርከው ይሰርዛል።

ለኦዲት፣ ማለትም ማን ምን እንዳደረገ ለማጣራት ደግሞ፣ ፖስትግሬስ ላይ «ሎግ ስቴትመንት»ን «ሞድ» አድርገው፤ ያስገባውን፣ የቀየረውንና የሰረዘውን ይይዛል። ማን አነበበ የሚለውን ከፈለግክ ፒጂኦዲት የሚባለውን ኤክስቴንሽን ጫን። ችግሩ ብዙ ሲስተም ዳታቤዙ ጋ የሚገባው በአንድ ዩዘር ነው፣ ስለዚህ ሎጉ ላይ አሥር ካሸር አንድ ስም ይሆናል። እኔ የሠራተኛውን መለያ «አፕሊኬሽን ኔም» ላይ አስቀምጬ በየሎጉ መስመር መጀመሪያ እንዲወጣ አደርጋለሁ። ኮኔክሽን ፑል (ብዙዎች በየተራ የሚጋሩት ክፍት ግንኙነት) ካለ ኮኔክሽን በተወሰደ ቁጥር አዲስ ይቀመጥ፣ አለዚያ የአንዱ ጥፋት በሌላው ስም ይጻፋል። የሰው እንጀራ ነው፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ሎጉ የደንበኛ ስም፣ ስልክ፣ አንዳንዴም ፓስወርድ ይይዛልና ፋይሉን ለሁሉም አትክፈት።

ሰዓቱንም አስተውል። ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ከሆነ ሎጉ ላይ 12:40 ያለው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9:40 ነው። ማን ተረኛ ነበር ብለህ ከመጠየቅህ በፊት ቀይረው።