ቮልሱ ሲደክምና ሲያጨስ፦ ይጠገን ወይስ ኦቨርሆል?

የአባቴ ቮልስ 1300 ነው። ባለፈው ክረምት ከአዳማ ወደ ሞጆ ሲወጣ ጉልበት አጣ። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር) ደግሞ የዘይት መብራቱ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። አንድ ጋራዥ ወሰድነው። ትንሽ አዳመጡና «ሞተሩ አልቋል፣ ኦቨርሆል ነው» አሉን፤ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተፈቶ ይታደስ ማለታቸው ነው። አባቴ ቁልፉን ተቀብሎ ምንም ሳይናገር ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት የዘይት መለኪያውን አወጣሁት። ማንም ዘይት ሳይጨምር ከላይኛው ምልክት አልፏል። አሸተትኩት፤ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። የቤንዚን ፓምፑ ውስጥ ያለው ስስ ላስቲክ ተቀዶ ቤንዚኑ ወደ ዘይቱ እየወረደ ነበር። ዘይት ሲቀጥን ግፊቱ ይወርዳል፣ መብራቱም ይበራል። ፓምፑን ቀየርን፣ 2.5 ሊትር አዲስ ዘይት ሞላን፣ መብራቱ ጠፋ። ሞተሩ አልተከፈተም።

ስለዚህ የዘይት መብራት ሲበራ መጀመሪያ አሽትቱ። ቤንዚን ከሸተተ መኪናውን አታስነሱት፤ እሳትም ያመጣል። ካልሸተተ የመብራቱን ስዊች ቀይሩ፣ ርካሽ ነው። ከዚያም መብራቱ ካልጠፋ ግፊቱ በጌጅ ይለካ።

ጉልበት ማጣትና መጋል አዳማ ላይ የተለመደ ነው። ቮልስ ራዲያተር የለውም፣ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ሞተሩ ዙሪያ ያሉት ቆርቆሮዎችና ጠርዙ ላይ ያለው ላስቲክ ከጎደሉ፣ ከሥር የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ይሳባል። ብዙ ቮልስ ላይ እነዚህ አንዴ ተፈተው የትም ቀርተዋል። ፈልጋችሁ መልሱ። ቺንጋውንም (ዲናሞውንና ማራገቢያውን የሚያዞረውን ቀበቶ) እዩ፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት 15 ሚሊ ሜትር ያህል መግባት አለበት። ቺንጋው ከተበጠሰ ዲናሞው ብቻ ሳይሆን ማራገቢያውም ይቆማል። ቀዩ የዲናሞ መብራት ከበራ ያኔውኑ ቁሙ።

የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ 0.15 ሚሊ ሜትር ይደረጋል። እዚህ ላይ ሦስተኛውን ሲሊንደር ለብቻው ተከታተሉት። ከ1971 እ.ኤ.አ. በፊት በተሠሩት ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩን ስለሚጋርደው ከሌሎቹ የበለጠ ይግላል። የጭስ ማውጫ ቫልቩ በተስተካከለ ቁጥር መልሶ የሚጠብ ከሆነ ቫልቩ እየተሳበ (እየረዘመ) ነው። ተበጥሶ ፒስተኑን ሳይመታ ቴስታታው (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ ራስ) ይውረድ።

ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ይናገራል። ጠዋት ሲነሳ ትንሽ ታይቶ ከጠፋ አያስጨንቅም፤ ሞተሩ የተጋደመ ስለሆነ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ቁልቁለት ወርዳችሁ ነዳጅ ስትሰጡ ከወጣ ያለቀው የቫልቭ ጋይድ (ቫልቩ የሚንሸራተትበት ቱቦ) ነው። ዳገት ላይ እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት) አስለኩ። የአራቱ ሲሊንደሮች ቁጥር መቀራረብ ከቁጥሩ ከፍታ ይበልጣል። አንዱ ብቻ ዝቅ ካለ ችግሩ እሱ ጋ ነው። የቮልስ ሲሊንደሮች ለየብቻ ስለሚወጡ ፒስተንና ሲሊንደር በአዲስ ይተካል፤ መለዋወጫው እስካሁን ይመረታል።

ግን አዲስ ፒስተን ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ሞተሩን አጥፉ። ከኋላ ያለውን ትልቁን ፑሊ በሁለት እጅ ያዙና ወደ ራሳችሁ ሳቡት፣ መልሳችሁ ግፉት። በእጅ የማይሰማ ያህል ከሆነ ጥሩ ነው። «ኳ» ብሎ ከገባና ከወጣ ክራንኩን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ) የሚይዘው ብሮንዚን (የዘንጉ መቀመጫ) አልቋል። ትክክለኛው ክፍተት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፤ 0.15 ካለፈ ሞተሩ መከፈት አለበት። እኔ ለመጠገን ወይም ለኦቨርሆል የምወስነው እዚሁ ፑሊ ላይ ነው። ታቹ እየተንቀጠቀጠ ላዩን ማደስ ገንዘብ መጣል ነው፤ ጠንካራ ፒስተን የደከመውን ብሮንዚን ቶሎ ይጨርሰዋል።

ኦቨርሆል ከሆነ ማውረዱ ከባድ አይደለም፤ ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የተያዘው በአራት ቡሎን ነው። ሬቲፊካ ቤት (የሞተር አካል ተለክቶ የሚስተካከልበት) ክራንኩን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ብሮንዚኑ የሚቀመጥበት የሞተሩ አካልም ይለካ፤ እሱ ሰፍቶ ከሆነ አዲስ ብሮንዚን አይረጋም። አሮጌው የዘይት ማቀዝቀዣ ውስጥ ደግሞ የድሮው ብረት ብናኝ ይቀራል። በደንብ ይታጠብ፣ ከተጠራጠራችሁ ይቀየር፤ አለበለዚያ ያ ብናኝ በመጀመሪያው ቀን አዲሱ ብሮንዚን ላይ ይፈሳል።