ቅዳሜ ማታ የሚጀመር ቅዳሴ

ለዓመታት አስቀድሼ ስመለስ እንደሄድኩት ነበር የምመለሰው። እግሬ ዝሏል፣ ነጠላዬ ንጹሕ ነው፣ ሌላ ነገር የለም። ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ይላሉ፤ ልባችሁን ወደ ላይ አንሡ ማለታቸው ነው። እኔም ከሕዝቡ ጋር «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» እላለሁ፤ በእግዚአብሔር ዘንድ አለን። ልቤ ግን ምድጃውን አጥፍቼው ይሆን እያለ ቤት ነው።

አሁን ቅዳሜ ማታ እጀምራለሁ። እናንተም ሞክሩት።

መጀመሪያ የተኳረፋችሁትን ሰው አስቡ። እኔና የግቢ ጎረቤቴ በውሃ ሒሳብ ተጣልተን ሦስት ሳምንት ተዘጋግተን ነበር። እሑድ ቅዳሴ ላይ በግራዬ በኩል ቆማለች። ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ ሲል ሰው ወደ ቀኝም ወደ ግራም እጅ ይነሣል። እኔ ወደ ቀኝ ብቻ ነሥቼ ቀረሁ። አየችኝ። የዚያን ቀን ቅዳሴ ለእኔ እዚያው ላይ አበቃ። ማቴዎስ 5፥23-24 መባህን ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ይላል፤ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ስለዚህ ቅዳሜ ማታ በሯን አንኳኩ። ማን ጥፋተኛ ነው የሚለውን አታንሡ፣ ሒሳቡንም እንዳታነሡ። «ነይ ቡና ጠጪ» ይበቃል። እንቢ ካለችም ለሚቀጥለው ቅዳሜ ድገሙት።

ቀጥሎ ግእዝና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመበት መጽሐፈ ቅዳሴ ግዙና በሳምንት አንድ ተሰጥኦ (ሕዝቡ በቅዳሴ የሚመልሰውን) ከነትርጉሙ ያዙ። «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» የተቀመጣችሁ ተነሡ ማለት መሆኑን ያወቅሁት ካገባሁ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ሰው ቆሟል ብዬ ነው የምቆመው። ስልካችሁን ደግሞ ቤት ተዉት። ድምፁን ማጥፋት አይበቃም፣ በእኔ አይቻለሁ።

ጾሙን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለሚቆርብ 18 ሰዓት፣ ለሌላውም እንደየአቅሙ። የምለው ስለ ገንዘቡ ነው። ያልተበላው ቁርስ ዋጋ የት ገባ? ኢሳይያስ 58 እንጀራህን ለተራበ ቁረስ ይላል። ብሩን ለብቻው ቋጥራችሁ ያዙት። የጾም በያይነቱ ከሥጋው በላይ ካስወጣችሁማ ምኑን ጾማችሁት?

የመጨረሻው ያሳፍረኛል፣ ግን ልንገራችሁ። አንድ ቅዳሜ ልብስ የምታጥብልኝን ሴት «ዝርዝር የለኝም፣ ሰኞ ነይ» ብዬ ሸኘኋት። በማግሥቱ ስብከቱ ያዕቆብ 5፥4 ላይ ደረሰ፤ የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ ይጮኻል የሚለው። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግሁት። የሳሙናው ሽታ ገና አለቀቀውም፤ እሷው ያጠበችው ነው።

አሁን ቅዳሜ ጠዋት ዝርዝሩን አዘጋጅቼ ነው የምጠብቃት። ነጠላው ገመድ ላይ ሳይሰጣ ብሩ እጇ ይገባል።