በፎም የመኪና ባስ ሳጥን ሞልድ እንዴት ይሠራል?

የመኪናው ኋላ ዕቃ መጫኛ ጥግ ላይ፣ ከጎማው በስተጀርባ ጎድጓዳ ቦታ አለ። ለባስ ሳጥን፣ ማለትም ወፍራም ድምፅ የሚያወጣው ስፒከር ለሚገጠምበት ሳጥን፣ ከእሱ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ግን ጠማማ ስለሆነ የእንጨት ሳጥን አይገጥምለትም። ለበርና ለመስኮት ክፍተት መድፈኛ የሚሸጠው የሚነፋ ፎም የቦታውን ቅርጽ እንዳለ ያወጣላችኋል። ፎሙ ሞልድ፣ ማለትም ቅርጽ ማውጫ ብቻ ነው፤ ሳጥኑ ራሱ የሚሠራው ከላዩ ከሚደረበው ፋይበር (የፋይበርግላስ ጨርቅ) ነው።

ቦታውን አጽዱና በማስኪንግ ቴፕ አልብሱት፤ ከላዩ ቀጭን ላስቲክ አንጥፉ። በላስቲክ አትሰስቱ። ያልደረቀ ፎም በአሴቶን ይለቃል፤ ከደረቀ በኋላ ግን መፋቅ ብቻ ነው መፍትሔው። ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ በሮቹን ክፈቱ፣ እሳት አታስጠጉ። ጋዙ ይቀጣጠላል።

ጣጣው ያለው አሞላሉ ላይ ነው። ብዙ ሰው ቆርቆሮውን በአንዴ ባዶ ያደርገዋል። በማግስቱ ላዩ ደርቆ ይጠብቀዋል፤ በቢላ ሲቆርጠው ግን ውስጡ እንደ ማር ይዝለገለጋል። ይህ ፎም የሚደርቀው ከአየር በሚያገኘው እርጥበት ነው። ላዩ ከተዘጋ እርጥበቱ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ስለዚህ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ያህል ንፉ፣ ውሃ በመርጫ በስሱ አርከፍክፉበት፣ ሲጠነክር ቀጣዩን ደርቡ። በተለይ በአዲስ አበባ በጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ውሃዋን አትርሷት። ፎሙ እየነፋ ስለሚሄድም ለመስፋፊያ ቦታ ተዉለት፤ ካልሆነ ስስ ፕላስቲክ ያጎብጣል።

አንድ ቀን አሳድራችሁ አውጡት። ትርፉን በመጋዝ ቁረጡ፣ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ። እዚህ ጋ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ፦ ፋይበሩ ከላይ ሲደረብ ውፍረት ይጨምራል። ሳጥኑ 6 ሚሊሜትር እንዲወፍር ከፈለጋችሁ፣ ሞልዱን መኪናውን በሚነካበት ጎን ሁሉ ቢያንስ ያንኑ ያህል ሞርዱት። አለበለዚያ ተመልሶ አይገባም።

ሞልዱን በካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ጠቅልሉትና ፋይበሩን በፖሊስተር ሬዚን (ማድረቂያ ሲጨመርበት የሚጠነክር ፈሳሽ) እየነከራችሁ ደርቡ። የሬዚኑ ማድረቂያ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ ለ500 ግራም ከ5 እስከ 10 ግራም ማለት ነው። ቶሎ ይድረቅ ብሎ መጨመር ሬዚኑን ያግለዋል፣ ይሰነጥቀዋልም። ከቴሌቪዥን ካርቶን የሚወጣውን ነጭ ፎም ደግሞ በሚነፋው ፎም ቦታ አትጠቀሙ፤ ፖሊስተር ሬዚን ያቀልጠዋል።

ሲደርቅ ፎሙን ከፊት በኩል ፈልፍላችሁ አውጡ። ፋይበር ስትሞርዱ የአቧራ ማስክ ግዴታ ነው። ባሱ የሚታሰርበትን የፊት ሰሌዳ ከኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ጣውላ) ቁረጡ፣ ዙሪያውን በሬዚን አጣብቁ፣ አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ እንዳይኖር ከውስጥ በደንብ ድፈኑት።