ቁጥሩ የጠፋበትን ኮይል እንዳትጥሉት
ከአሮጌ ሬዲዮ የነቀላችሁት ኮይል (የተጠመጠመ ሽቦ) ላይ ምንም አልተጻፈም? ችግር የለውም፣ ኢንዳክታንሱን፣ ማለትም በሄንሪ የሚለካውን ዋጋውን፣ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በፓራለል ግጠሙለትና በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ከሲግናል ጄኔሬተር ሳይን ዌቭ ስጡት፤ ፍሪኩዌንሲውን ቀስ እያላችሁ ስትጨምሩ በኮይሉ ጫፎች መካከል ያለው ቮልቴጅ ኦሲሎስኮፑ ላይ ከፍ ብሎ መልሶ የሚወርድበት ቦታ አለ፣ ቮልቴጁ ከሁሉም ከፍ ያለበት ላይ ሬዞናንሱን፣ ማለትም ኮይሉና ካፓሲተሩ አብረው በጣም የሚርገበገቡበትን ፍሪኩዌንሲ፣ አገኛችሁት ማለት ነው። ፍሪኩዌንሲውን በኪሎ ኸርዝ ወስዳችሁ በራሱ አባዙት፣ ከዚያ በካፓሲተሩ ናኖፋራድ አባዙት፣ በመጨረሻ 25,330ን ለውጤቱ አካፍሉ። መልሱ በሚሊ ሄንሪ ነው። ለምሳሌ 15.9 ኪሎ ኸርዝ ካገኛችሁ ኮይሉ 1 ሚሊ ሄንሪ ገደማ ነው። በራሱ ማባዛቱን እንዳትረሱ፤ እኔ አንዴ ረስቼ ግማሽ ቀን ኮይሉን ስረግም ዋልኩ። ካፓሲተሩ ደግሞ ፊልም ይሁን፣ ርካሽ ሴራሚክ የተጻፈበትን ዋጋ ሁሌ አይሰጥም።