የጃፓን የተራራ መንደሮች በበረዶ ወራት፦ ቦታ ቀንሱ፣ አዳር ጨምሩ

የጃፓንን የተራራ መንደሮች በበረዶ ለማየት የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጉዞውን የሚያበላሸው በችኮላ ነው። ጠዋት ከከተማ አውቶቡስ ይሳፈራል፣ ቀትር ላይ ከጎብኚ ጋር እየተጋፋ ፎቶ ይነሳል፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። በቃ። መንደሮቹ ግን የሚያምሩት የመጨረሻው አውቶቡስ ከወጣ በኋላና በማግስቱ የመጀመሪያው ከመድረሱ በፊት ነው። እዚያው ያላደረ ሰው ይህን አያየውም።

አምስት ሌሊት ካላችሁ የምመክረው መስመር ይሄ ነው። ከናጎያ ተነስታችሁ ኪሶ ሸለቆ አንድ ሌሊት፣ ታካያማ ሁለት፣ ሺራካዋ ጎ ወይም ጎካያማ አንድ፣ ካናዛዋ አንድ። ከዚያ በፈጣኑ ባቡር ቶኪዮ። ቀን ካጠራችሁ ኪሶን ዝለሉት፣ የሺራካዋን አዳር ግን እንዳትነኩት።

ጊዜውን በተመለከተ፣ በረዶው በደንብ የሚቆለለው ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ነው፤ በእኛ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ መሆኑ ነው። ዲሴምበር ላይ ሄዳችሁ ባዶ መስክ ልታገኙ ትችላላችሁ። ከዲሴምበር 29 እስከ ጃንዋሪ 3 ያለውን ግን ሽሹ። የጃፓን አዲስ ዓመት ስለሆነ ብዙ ቤት ይዘጋል፣ ያልተዘጋው ደግሞ ይሞላል። የቻይና አዲስ ዓመት ሳምንትም ሕዝቡ ብዙ ነው፣ ዋጋውም አይቀመስም።

ቪዛ ላይ አንድ ነገር ልበል። ዱባይም ኑሩ ሪያድ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዛችሁ አስቀድማችሁ ቪዛ ማውጣት አለባችሁ። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ግን ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልገውም። ከአዲስ አበባ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል በኩል የቶኪዮው ናሪታ ይበራል፤ ከቶኪዮ ናጎያ ደግሞ በፈጣኑ ባቡር፣ በሺንካንሰን፣ ሁለት ሰዓት አይሞላም። መላ አገሪቱን የሚያስኬደውን የሰባት ቀን የባቡር ፓስ ለዚህ መስመር አትግዙት። በ2023 ዋጋው ወደ 50,000 የን ዘሏል፣ እዚህ ደግሞ ግማሹ መንገድ በአውቶቡስ ነው። ኪሶን ከዘለላችሁ ናጎያን፣ ታካያማን፣ ሺራካዋንና ካናዛዋን የሚያገናኝ የአምስት ቀን የአካባቢ ፓስ ስላለ እሱን አስሉት።

አሁን ወደ ልብስ። ካፖርት ላይ ብዙ ገንዘብ የሚያጠፋ ሰው ጫማው ላይ ይሰስታል። የሚጎዳችሁ ግን እግር ነው። ታካያማ በጃንዋሪ ሌሊት ከዜሮ በታች እስከ 5 ዲግሪ ይወርዳል፤ ቀን ደግሞ ትንሽ ይሞቅና በረዶው ይቀልጣል፣ ማታ መልሶ ይጋገራል። በዚያ ላይ በካናዛዋና በአካባቢው አስፋልቱ መሀል የተቀበሩ ቱቦዎች በረዶውን ለማቅለጥ የከርሰ ምድር ውሃ ይረጫሉ። ብልህ ዘዴ ነው፣ መንገዱ ግን ይጨቀያል። ስለዚህ ውሃ የማያስገባ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ቦት፣ የሱፍ ካልሲ ከነመለወጫው፣ እና ጫማ ላይ የሚጠለቅ ባለ ጥርስ ማንሸራተት መከላከያ ያዙ። መከላከያውን እዚያም ታገኙታላችሁ። ካይሮ የሚባለውን የኪስ ማሞቂያ ከየትኛውም ትንሽ ሱፐርማርኬት ግዙ፣ ርካሽ ነው። ጫማ ግን ሲበዛ የምታወልቁበት አገር ስለሆነ ማሰሪያው አሥር ዙር የሚጠመጠም እንዳይሆን።

ትልቅ ሻንጣ በበረዶ ላይ መጎተት ቅጣት ነው። ታክዩቢን የሚባል አገልግሎት አለ፤ ናጎያ ያረፋችሁበት ሆቴል ሻንጣውን ተቀብሎ ታካያማ ወይም ካናዛዋ ወዳለው ሆቴላችሁ ይልክላችኋል። ብዙ ጊዜ በማግስቱ ይደርሳል፣ በበረዶ ወራት ግን ሁለት ቀን ስጡት። እናንተ የጀርባ ቦርሳ ብቻ ይዛችሁ ተራመዱ።

ኪሶ ሸለቆ በኤዶ ዘመን ኤዶን፣ የዛሬዋን ቶኪዮ፣ ከኪዮቶ ጋር ያገናኝ በነበረው ናካሰንዶ መንገድ ላይ ነው። በመንገዱ ላይ 69 የማረፊያ ከተሞች ነበሩ። ከእነሱ መካከል ማጎሜና ጹማጎ በእግር ይገናኛሉ፣ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በደህና ቀን ሦስት ሰዓት ቢወስድ ነው። በባቡር ናካጹጋዋ ውረዱ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ማጎሜ፣ ከማጎሜ በእግር ጹማጎ። አቅጣጫውን አትገልብጡት፤ ማጎሜ ከፍ ስለሚል ዳገቱ በዚህ በኩል ያንሳል። እዚህ የሚያስቸግረው የበረዶው ክምር ሳይሆን ድንጋይ ንጣፉ ላይ የተጋገረው ነው። ያ ባለ ጥርስ መከላከያ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። በመንገዱ ዳር ድብን ለማባረር የተሰቀሉ ደወሎች አሉ። በዚህ ወቅት ድቡ ተኝቷል፣ ቢሆንም ደውሉት፣ ማን ያውቃል።

ጹማጎ ቤቶቹ ያረጁ ስለሆኑ ብቻ አይደለም የተረፈችው። ነዋሪዎቹ በ1971 ቤት ላለመሸጥ፣ ላለማከራየትና ላለማፍረስ ተስማምተው ቃል ገብተዋል። የኤሌክትሪክ ሽቦው ከዓይን ተሰውሯል፣ ቀን ዋናው መንገድ ላይ መኪና አይገባም። ማታ ፋኖስ የበራለትን ጎዳና ብቻችሁን ስትሄዱበት ለምን አድራችሁ እንደሆነ ይገባችኋል። በነገራችን ላይ ማታ የሚከፈት ምግብ ቤት የለም በሉ። እራትና ቁርስ ያለው ማደሪያ ያዙ።

ከጹማጎ ታካያማ ለመድረስ ከናጊሶ ጣቢያ በባቡር ወደ ማጹሞቶ ወጥታችሁ ከዚያ ተራራውን በሚያቋርጠው አውቶቡስ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ትሄዳላችሁ። ማጹሞቶ ላይ ጥቁሩን ግንብ ለማየት አንድ ሁለት ሰዓት መድቡ። እስከ 1997 አቦ የሚባለው ዋሻ ስላልነበረ ይሄ መንገድ በበረዶ ወራት ዝግ ነበር። አሁን ክፍት ነው፣ ግን ከባድ በረዶ ከተተነበየ አትድረቁ፤ ወደ ናጎያ ተመልሳችሁ ሂዳ በሚባለው ባቡር ውጡ። ይረዝማል እንጂ ያደርሳል።

ታካያማ ከተማ ናት፣ መንደር አይደለችም፤ ሁለት ሌሊት የምሰጣት ግን ለዚሁ ነው፤ ልብስ ታደርቃላችሁ፣ ሻንጣችሁን ታገኛላችሁ፣ ትበላላችሁ። ጠዋት በ2 ሰዓት ሚያጋዋ ወንዝ ዳር ያለው ገበያ ውረዱ። ታካያማ ጂንያን እዩ፤ በኤዶ ዘመን ጃፓንን ይገዛ የነበረው የቶኩጋዋ መንግሥት ከ1692 ጀምሮ በታካያማ ዙሪያ ያለውን የሂዳን ግዛት በቀጥታ ያስተዳደረበት ቢሮ ነው፣ ምክንያቱም የአካባቢውን እንጨት ፈልጎ ነበር። እንዲህ ያለ ሕንፃ በመላው ጃፓን የተረፈው ይሄ ብቻ ነው። ጫማ አውልቃችሁ ስለምትዞሩ ወፍራሙን ካልሲ ለዚህ ቀን አስቀሩ፤ ወለሉ ሲበዛ ይቀዘቅዛል። ሳንማቺ ሰፈር ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ የሚጠምቁ ቤቶች በር ላይ ከጥድ ቅጠል የተሠራ ትልቅ ኳስ ተሰቅሏል። አረንጓዴ ከሆነ አዲሱ መጠጥ ደርሷል ማለት ነው፣ የሚደርሰውም በዚህ ወቅት ነው። ሰማዩ ከጠራ ሁለተኛውን ቀን ለሺንሆታካ ስጡት፤ በገመድ መኪና 2,156 ሜትር ላይ ትወጣላችሁ። ደመና ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አታቃጥሉ፣ ነጭ ግድግዳ ነው የምታዩት።

ምግቡ ላይ፣ ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው የሂዳን በሬ በሩዝ ላይ ተደርጎ፣ ከታች ደረቅ የሩዝ ብስኩት ተነጥፎ ያገኘዋል፣ ሳህኑም ይበላል። የሚጾም ሰው ግን ቀድሞ ያስብ። ዓቢይ ጾም አንዳንድ ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ይገባል፣ ረቡዕና ዓርብም አለ። "ሥጋ የለውም" የተባለው ሾርባ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ የተቀቀለ መረቅ አለበት። ማደሪያ ስትይዙ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት እንደማትበሉ በጽሑፍ ንገሩ፤ እራት ሰዓት ላይ መናገር ዋጋ የለውም፣ ምግቡ ቀድሞ ተዘጋጅቷል። ታካያማ ላይ የቡድሂስት መነኮሳት ዓይነት ምግብ፣ ሾጂን ርዮሪ፣ የሚያቀርቡ አሉ፣ እሱ ያለ ሥጋና ዓሣ የሚሠራ ነው። ሙስሊም ከሆናችሁ ራመን በሚባለው የኑድል ሾርባ ውስጥ አሳማ፣ ስጎ ውስጥ ደግሞ አልኮል ብዙ ጊዜ እንዳለ አትርሱ።

ከታካያማ ሺራካዋ ጎ በአውቶቡስ 50 ደቂቃ ነው። አብዛኛው መንገድ ዋሻ ነው፤ ሂዳ የሚባለው ብቻ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። በቀጠሮ ብቻ የሚያስገቡ አውቶቡሶች ስላሉ ወንበር ቀድማችሁ ያዙ። የሳር ክዳን ቤቶቹ ጣሪያ እስከ 60 ዲግሪ የሚሾለው በረዶው እንዲንሸራተት ነው፤ ስለዚህ ፎቶ ስታነሱ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር አትቁሙ፣ የሚወርደው ከባድ ነው። የጣሪያው ተራዳ በገመድ ታስሯል እንጂ ሚስማር የለውም። ክዳኑን በየ30 እና 40 ዓመቱ ጎረቤት ተሰብስቦ በደቦ ይቀይረዋል። ዋዳ ቤት ገብታችሁ ላይኛውን ፎቅ እዩ፣ የሐር ትል የሚያረቡት እዚያ ነበር። መንደሩን ከላይ ወደሚያሳየው ቦታ የሚያወጣው የእግር መንገድ በበረዶ ሊዘጋ ስለሚችል ትንሿን አውቶቡስ ያዙ።

በጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ጥቂት ምሽቶች መንደሩን በመብራት ያደምቁታል። ከ2019 ጀምሮ ያለ ቅድሚያ ምዝገባ መግባት አይቻልም። እኔ ብሆን እተወዋለሁ። ተራ ማክሰኞ ማታ ይሻላል።

ፀጥታ የምትወዱ ከሆነ ጎካያማ እደሩ። እዚያ ሱጋኑማ በሚባለው መንደር እንዲህ ያሉት ቤቶች 9 ብቻ ናቸው፣ አይኖኩራ በሚባለው ደግሞ ይበዛሉ። ከሺራካዋ ጎ ጋር ሦስቱም መንደሮች በ1995 አብረው በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። አውቶቡሱ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚያልፍ ሰዓቱን ፎቶ አንሱ፤ 17፡00 የሚለው የእኛ 11 ሰዓት ነው፣ እሱን እንዳታምታቱ።

የገጠር ማደሪያ ሆቴል አይደለም። ግድግዳው ተንሸራታች በር ነው፣ የጎረቤት ሳል ይሰማል። መታጠቢያው የጋራ ነው። እራት በ12 ሰዓት ስለሚቀርብ ከ11 በፊት ድረሱ፣ ከዘገያችሁ ደውሉ። የላምባ ማሞቂያው ሌሊት ይጠፋል፣ ሙቅ የውስጥ ልብስ ለብሳችሁ ተኙ። ክፍያው ብዙ ቦታ በጥሬ ገንዘብ ነው፣ ታካያማ ላይ የን አውጡ። ቤቶቹ በእሳት በቀላሉ ስለሚያያዙ ሲጋራ ከተፈቀደው ቦታ ውጪ አይታሰብም። የቆሻሻ ማጠራቀሚያም አትፈልጉ፣ ይዛችሁት ተመለሱ።

ፍል ውሃ ከገባችሁ መጀመሪያ ሰውነታችሁን ታጥባችሁ ነው፣ ያለ ምንም ልብስ። ፎጣው ውሃው ውስጥ አይገባም። ንቅሳት የሚከለክሉ ቦታዎች አሉ። ግንባሯ ወይም አንገቷ ላይ መስቀል የተነቀሰች እናት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ወይም ለቤተሰብ ብቻ በሰዓት የሚከራየውን መታጠቢያ ያዙ።

በረዶ ሲበረታ አውራ ጎዳናው ይዘጋል፣ አውቶቡሱም ይሰረዛል። እንዲህ ከሆነ ተጨማሪ ሌሊት መጠየቅ እንጂ ታክሲ ፍለጋ አያዋጣም። ካናዛዋን መጨረሻ ላይ ያደረግኳትም ለዚህ ነው፤ አንድ ቀን ብትሸራረፍ ብዙ አይጎዳም። ኬንሮኩየን የሚባለው የአትክልት ስፍራ ገብታችሁ ዛፎቹ በበረዶ ክብደት እንዳይሰበሩ በገመድ የተወጠሩበትን አይታችሁ፣ ኦሚቾ ገበያ ሸርጣን በልታችሁ፣ በሁለት ሰዓት ተኩል ቶኪዮ ትገባላችሁ። ከመንደር ተነስቶ በዚያው ቀን አውሮፕላን መያዝ ግን አይሞከርም፣ በረራው ሌሊት ቢሆንም።